ጅቡ ሳይሄድ፦ ከርነልን ከውስጥ የማየት ታሪክ

ኮምፒውተር ሲያስቸግር ሁላችንም የምናውቀው አንድ መድኃኒት አለ፤ አጥፍቶ ማብራት። የኢንተርኔት ካፌው ልጅም፣ የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ባለሙያም፣ መርካቶ ያለው ሞባይል ጠጋኝም መጀመሪያ የሚያዙልን ይህንኑ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ማሽኑ ይነሳል፣ እኛም ወደ ሥራችን እንመለሳለን። አንድ ነገር ግን ሳይመለስ ይቀራል። ማሽኑ ለምን እንደወደቀ የሚያውቀው ራሱ ማሽኑ ብቻ ነበር፤ ስናጠፋው ያ እውቀት ከሚሞሪው ጋር ይጠፋል። በሽታው ሳይድን ምስክሩ ሞተ ማለት ነው። በሌላ ሳምንት ያው ብልሽት ይመለሳል፣ እኛም ያንኑ መድኃኒት እንደግማለን።

ዛሬ የምንጽፈው በዚህ መድኃኒት አንረካም ስላሉ ሰዎች ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነውን ከርነልን፣ ሥራውን ሳያስቆሙ ከውስጥ ለማየት ስለተደረገው የሠላሳ ዓመት ገደማ ጥረት። ርዕሱ ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ጠብ አለበት፣ ቅናት አለበት፣ በሌላ ጥፋት የተከሰሰ ንጹሕ አለበት፣ ማርስ ላይ ደርሶ መሬት ላይ የተፈታ እንቆቅልሽም አለበት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመንደርደሪያ ያህል፣ ከርነል ማለት እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ፕሮሰሰሩን ለማግኘት፣ ዲስክ ላይ ለመጻፍ፣ በኔትወርክ ለመላክ ይጋፋሉ፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይጠብቅ የሚለውን የሚወስነው ተራ አስከባሪው ነው። አንድ ፕሮግራም ቢበላሽ አንድ ታክሲ ተበላሸ ነው፤ ሌላው ይቀጥላል። ተራ አስከባሪው ራሱን ስቶ ከወደቀ ግን ፌርማታው በሙሉ ይቆማል። የከርነል ብልሽት ከሌላው የሚከፋው ለዚህ ነው። ሌላውን ፕሮግራም ለመመርመር ከርነሉ ይረዳናል፤ ከርነሉን ራሱን ለመመርመር የሚረዳን ማን ነው?

ማርስ ላይ አጥፍቶ ማብራት

ጁላይ 4 ቀን 1997 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ፓዝፋይንደር የተባለችውን መንኮራኩር ማርስ ላይ አሳረፈ። ፎቶዎቹ ዓለምን አስደነቁ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን፣ መንኮራኩሯ የአየር ጠባይ መረጃ መሰብሰብ ከጀመረች በኋላ፣ ኮምፒውተሯ በራሱ ጊዜ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። በተነሳ ቁጥር የዕለቱ ቀሪ ሥራ ለነገ ያድራል።

ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ ያደረገው እኛ የምናደርገውን ነው። ውስጡ እንደ ዘብ የሚጠብቅ ፕሮግራም ነበር፤ አንድ አስፈላጊ ሥራ በተመደበለት ጊዜ ካላለቀ "የሆነ ነገር ተበላሽቷል" ብሎ ማሽኑን እንደገና ያስነሳል። ዘቡ መንኮራኩሯን ከባሰ ነገር ጠበቃት፤ ምስክሩን ግን በየጊዜው ገደለው። ማርስ ድረስ ሄዶ ማሽኑን የሚከፍት ቴክኒሻን ደግሞ የለም።

መሐንዲሶቹ የነበራቸው ሌላ ነገር ነው። የመንኮራኩሯ ሶፍትዌር፣ ከርነሉ ቪኤክስወርክስ የተባለው የዊንድ ሪቨር ኩባንያ ምርት፣ ውስጡ አንድ የክንውን መዝጋቢ ነበረው። በሥራዎች መካከል የሚተላለፉትን መልእክቶች፣ ከመሣሪያዎቹ የሚመጡትን ድንገተኛ ጥሪዎች ሳያሰልስ ይጽፋል። መዝገቡ ክብ ነው፤ ሲሞላ የድሮውን እየደመሰሰ በላዩ ላይ ይጽፋል፤ ብልሽቱ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሚቀረው ከውድቀቱ በፊት የነበሩት የመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ታሪክ ነው። መዝጋቢው በመጀመሪያ የተሠራው በዝግጅቱ ወቅት ለገጠመ ሌላ ብልሽት ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አላወጡትም። የሚበረው ሶፍትዌር የተሞከረው፣ የተሞከረውም የሚበረው መሆን አለበት ብለው ስለሚያምኑ ሆን ብለው ተዉት። የሚያመርተው መረጃ ብዙ ስለሆነ ከማርስ ወደ መሬት ማስተላለፍ አይቻልም፤ ነገር ግን ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ያለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ያንኑ ሶፍትዌር የጫነ ማሽን ነበር። ያንኑ ሥራ እያመላለሱ አሠሩት። 18 ሰዓት ሳይሞላ ብልሽቱ መሬት ላይ ደረሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ምስክር ባለበት።

መዝገቡ የተናገረው ይህን ነው። ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው አንድ ሥራ አንድ ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ ያለው የአየር ጠባይ መረጃ በሚሰበስበው፣ ዝቅተኛ ቅድሚያ ባለው ሥራ እጅ ነው። ያ ሥራ ቁልፉን ሳይመልስ መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ሥራዎች ይመጡና ፕሮሰሰሩን ይነጥቁታል። ትልቁ ትንሹን ይጠብቃል፣ ትንሹ መካከለኞቹን ይጠብቃል፣ መካከለኞቹ ማንንም አይጠብቁም። ዘቡ "ትልቁ ዘገየ" ብሎ ሁሉንም ያጠፋል። መፍትሔው ቪኤክስወርክስ ውስጥ ቀድሞም ነበር፤ ቁልፍ የያዘ ሰው እስኪመልስ ድረስ የጠባቂውን ቅድሚያ እንዲዋስ የሚያደርግ ምርጫ። ለዚያ ቁልፍ ግን አልተከፈተም ነበር። ከመሬት ትእዛዝ ተላከና ተከፈተ።

ከዚህ ታሪክ የሚያንገበግበው አንድ ነጥብ ነው። መሐንዲሶቹ ይህን ብልሽት ከማረፉ በፊትም አይተውት ነበር። ሊደግሙት ሲሞክሩ እምቢ አላቸው፤ ስላልተደገመም ሊይዙት አልቻሉም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በዓለም ውድ የሆነው ራውተር

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 64 ፕሮሰሰር የሚይዝ አዲስ ግዙፍ ማሽን አስተዋውቆ በፍጥነት ውድድር ክብረ ወሰን ለመስበር ይሯሯጥ ነበር። ማሽኑ በጥሩ ሁኔታ ሲሮጥ ይቆይና በድንገት ይፈዛል። የፈተናው ሥራ ይቆማል፣ ከርነሉ ግን በማይታወቅ ነገር ተጠምዷል። ከደቂቃዎች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። መሐንዲሶቹ ለቀናት ካሳደዱት በኋላ ያገኙት ነገር ያስቃልም ያሳዝናልም። ማሽኑ በስህተት የሌሎችን የኔትወርክ መልእክት እንዲያስተላልፍ ተደርጎ ነበር። በኔትወርኩ ላይ ያለው እውነተኛው ራውተር በተቋረጠ ቁጥር ያ ሁሉ 64 ፕሮሰሰር ዘወር ብሎ ራውተር ይሆናል።

ከመሐንዲሶቹ አንዱ ወጣቱ ብራያን ካንትሪል ነበር። እሱን ያናደደው ስህተቱ አይደለም፤ ስህተት ማንም ይሠራል። ያናደደው ቀላል ጥያቄ መጠየቅ አለመቻሉ ነው። "አሁን በዚህች ደቂቃ ምን እየሠራህ ነው?" ቢባል መልሱ በሰከንድ ይገኝ ነበር። ማሽኑ ግን የሚጠየቅበት ጆሮ አልተሠራለትም።

በዚያን ጊዜ (ዛሬም አልተተወም) የከርነል ፕሮግራመር ዋና መሣሪያ "ፕሪንት" ነበር። ኮዱ መሀል መሀል ላይ "እዚህ ደርሻለሁ"፣ "ይህን አልፌአለሁ" የሚል ጽሑፍ መሰግሰግ። ኮድ የምንጽፍ ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ከርነል ላይ ሲሆን ግን ሦስት ጣጣ አለበት። አንደኛ፣ ጽሑፉን ለመጨመር ከርነሉን እንደገና ገንብቶ ማሽኑን ማስነሳት ያስፈልጋል፤ ይህ ያው አጥፍቶ ማብራት ነው። ሁለተኛ፣ የት እንደሚሰገሰግ ለማወቅ ችግሩ የት እንዳለ ቀድሞ መገመት ይጠይቃል። ሦስተኛውና ክፉው፣ መጻፍ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሥራዎች በሚሊዮንኛ ሰከንድ ልዩነት ሲጋጩ የሚፈጠር ብልሽት፣ አንዱን ለአፍታ ብታዘገዩት አይፈጠርም። ልታዩት ስትጠጉ ይሸሻል። ጂም ግሬይ የተባለው ሊቅ በ1985 ለእንዲህ ያለው ብልሽት በፊዚክስ ሊቁ በሃይዘንበርግ ስም "ሃይዘንበግ" የሚለውን መጠሪያ በጽሑፉ ተጠቅሞበታል።

ካንትሪል ከማይክ ሻፒሮና ከአዳም ሌቨንታል ጋር ሆኖ ዲትሬስ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። በ2003 ወደ ሶላሪስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ገባ፣ በ2005 ከሶላሪስ 10 ጋር ለሁሉም ወጣ። ዲትሬስ ሁለት መሐላዎች ነበሩት። የመጀመሪያው፣ ማንም ካልጠየቀ ዋጋ አያስከፍልም። በከርነሉ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የመጠየቂያ ነጥቦች አሉ፤ ጥያቄ እስኪመጣ ድረስ ግን የሉም ማለት ይቻላል፤ ኮዱ ውስጥ የሚተከሉት ማሽኑ እየሮጠ፣ በተጠየቁበት ቅጽበት ነው። ሁለተኛው፣ ጠያቂው ምንም ዓይነት የሞኝ ጥያቄ ቢጠይቅ ማሽኑ አይወድቅም። ለዚህም ሲባል የጥያቄው ቋንቋ ሉፕ የሚባለውን ድግግሞሽ ጭራሹን ከለከለ፤ ማለቂያ የሌለው ጥያቄ ከርነሉን ይዞ እንዳይቀር። ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሰርቨር ላይ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሳይፈሩ መጠየቅ የተቻለው በእነዚህ መሐላዎች ነው።

"ዲባገር አልወድም"

አሁን ወደ ሌላ ሰፈር እንሻገር፤ ወደ ሊኑክስ። ሊኑክስ ባለቤቱ አንድ ኩባንያ ያልሆነ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች በኢሜይል እየተጨቃጨቁ የሚገነቡት ከርነል ነው። የመጨረሻው ቃል ግን የፈጣሪው የሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ሴፕቴምበር 2000 ላይ ቶርቫልድስ ለምን በከርነሉ ውስጥ ዲባገር (ማሽኑን አቁሞ የሚመረምር መሣሪያ) እንደማያስገባ ተጠይቆ፣ ዲባገር እንደማይወድ በማያሻማ ቋንቋ ጻፈ።

ክርክሩን በአግባቡ እንስማው፤ የግትር ሰው ንግግር ብቻ አልነበረምና። ዲባገር ያለው ሰው ብልሽቱ የታየበትን ቦታ ይደፍንና ይሄዳል፤ ሥሩን አይፈልግም። ዲባገር የሌለው ሰው ግን ኮዱን ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ማሰብ፣ ከመጻፉ በፊት መጠንቀቅ ይገደዳል። ሥራው ከባድ በመሆኑ የሚሸሹ ካሉ፣ ይሽሹ። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ እንደሚሉት ዓይነት ፍልስፍና ነው።

በሌላው ወገን የቆሙት ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ለዓመታት የቶርቫልድስ ቀኝ እጅ የነበረው አንድሩ ሞርተን ኬጂዲቢ የተባለውን ዲባገር በራሱ የሙከራ ከርነል ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። እኛም ብንጠየቅ ከዚህኛው ወገን ነን። የቶርቫልድስ ክርክር የሚሠራው ኮዱን ለጻፈው ሰው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰርቨር የወደቀበት ሰው ግን ኮዱን አልጻፈም፤ አንብቦ ለመጨረስም ዕድሜ አይበቃውም። እሱን "በደንብ አስብ" ማለት በሽተኛን "ድሮ ስፖርት መሥራት ነበረብህ" እንደ ማለት ነው። ኬጂዲቢ ወደ ዋናው ሊኑክስ የገባው ከዚያ ኢሜይል ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ጁላይ 2008 በወጣው 2.6.26 ነው።

ከዲባገሩ ጠብ ጎን ለጎን ሌላ ጸጥ ያለ ትግል ነበር። ዲባገር ማሽኑን "ቁም!" ይላል። ዱካ ተከታይ ግን "ቀጥል፣ እኔ እጽፋለሁ" ይላል። በ1999 ካሪም ያግሞር የሊኑክስ ትሬስ ቱልኪት የተባለውን ዱካ መከታተያ ከካናዳዋ ሞንትሪያል ይዞ ብቅ አለ። ወደ ዋናው ሊኑክስ እንዲገባ ዓመታት ለመነ፤ አልተፈቀደም። ሥራውን በ2005 ማቲዩ ደኖዬ ተረክቦ እንደ አዲስ ሠራው፤ እሱም በር ላይ ብዙ ቆመ።

ዲትሬስ ሲመጣ ግን የሊኑክስ ሰፈር ቅናት ያዘው። ዲትሬስን ወስዶ መጠቀም አይቻልም ነበር፤ ሰን ኮዱን በ2005 ክፍት ቢያደርገውም ፈቃዱ ከሊኑክስ ፈቃድ ጋር አይጋባም። አፕል ወሰደው፣ ፍሪቢኤስዲ ወሰደው፣ ሊኑክስ ግን በመስኮት እያየ ቀረ። መልሱ በራስ እጅ መሥራት ሆነ። በ2004 መጨረሻ ኬፕሮብስ ገባ፤ በሚሮጥ ከርነል ውስጥ የአንድን ትእዛዝ የመጀመሪያ ባይት በ"ቁም" ምልክት ተክቶ፣ ሥራው እዚያ ሲደርስ የጠያቂውን ኮድ አሠርቶ የሚያሳልፍ ዘዴ ነው። በ2005 ሬድ ሃት፣ አይቢኤምና ኢንቴል ሲስተምታፕ የተባለውን ጀመሩ። መሣሪያ አልጠፋም፤ ሁሉም የሚስማማበት፣ ከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ መሣሪያ ግን አልነበረም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ

2008 ደረሰ። ስቲቨን ሮስቴት የተባለ ፕሮግራመር፣ ኢንጎ ሞልናር ለፈጣን ምላሽ ሥራዎች ከሠራው የመዘግየት መለኪያ ተነስቶ፣ ኤፍትሬስ የተባለውን መሣሪያ አዘጋጀ። ሐሳቡ ውብ ነው። ከርነሉ ሲገነባ በእያንዳንዱ ፈንክሽን መግቢያ ላይ አንዲት ትንሽ ጥሪ ትቀመጣለች። ማንም በማይከታተልበት ጊዜ ያቺ ጥሪ "ምንም አትሥራ" በሚል ባዶ ትእዛዝ ትተካለች፤ ፕሮሰሰሩ ሳይነካት ያልፋል። መከታተል ሲፈለግ ባዶው ትእዛዝ ተነስቶ ጥሪው ይመለሳል። ልዩ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም፤ ፋይል እንደ ማንበብና እንደ መጻፍ ነው። ኤፍትሬስ ለ2.6.27 ከርነል ታጨ።

በዚያው ወቅት፣ 2.6.27 ገና በሙከራ ላይ እያለ፣ አስደንጋጭ ወሬ ተሰማ። የኢንቴል የኔትወርክ ካርድ ያላቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ካርዱ ሞተ። ለጊዜው መፍዘዝ አይደለም፤ የካርዱ መታወቂያና ቅንብር የተጻፈበት ቋሚ ሚሞሪ ተበላሸ። አጥፍቶ ማብራት እንኳ አይመልሰውም። ክሱ ወዲያው በካርዱ ድራይቨር፣ ኢ1000ኢ በሚባለው ላይ ወደቀ። አሳማኝ ነበር፤ የሞተው የእሱ ካርድ ነው፣ ካርዱን የሚነካው እሱ ነው። የሊኑክስ አከፋፋዮች ድራይቨሩን ከሙከራ እትሞቻቸው ዘጉት። የኢንቴል ሰዎች የራሳቸውን ኮድ መስመር በመስመር አበጠሩት። ምንም የለም።

ኦክቶበር ላይ እውነቱ ወጣ። ጥፋተኛው ኤፍትሬስ ነበር፤ ከርነሉን ለማየት የመጣው ዓይን ራሱ። የያኔው ኤፍትሬስ የፈንክሽኖቹን አድራሻ የሚመዘግበው ማሽኑ እየሮጠ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ በየአድራሻው ያለውን ጥሪ ይቀይራል። አንዳንድ ፈንክሽኖች ግን አንዴ ሠርተው የሚጣሉ ናቸው፤ ያሉበት ሚሞሪ ይለቀቅና ለሌላ ይሰጣል። አድራሻቸው ግን ከኤፍትሬስ ዝርዝር አልተሰረዘም። ሚሞሪው የተሰጠው "ሌላ" አንዳንድ ጊዜ የኔትወርክ ካርዱ ቋሚ ሚሞሪ የሚነካበት በር ሆነ። ሮስቴት ጥንቃቄ አድርጎ ነበር፤ ኮዱ ከመቀየሩ በፊት እዚያ ያለው የሚጠብቀው ነገር መሆኑን ያወዳድራል። ነገር ግን ለማወዳደሪያ የተጠቀመበት የፕሮሰሰር ትእዛዝ፣ ባይመሳሰልም እንኳ፣ ያነበበውን መልሶ ይጽፋል። ተራ ሚሞሪ ላይ ይህ ጉዳት የለውም። ያ ካርድ ላይ ግን መጻፍ ማለት መጻፍ ነው።

ቀበሌው የጠፋበትን ቤት ቁጥር ይዞ የድሮ ጎረቤቱን ሊጠይቅ የሄደ ሰው፣ በሩን ሲያንኳኳ ቤቱን አፈረሰው እንደማለት ነው። 2.6.27 ኦክቶበር 9 ወጣ፤ ከቀናት በኋላ የወጣው 2.6.27.1 ሥራው ይህን የኤፍትሬስ ክፍል መዝጋት ነበር። ሮስቴት ንድፉን ቀየረው። አድራሻዎቹ ማሽኑ እየሮጠ ሳይሆን ከርነሉ ሲገነባ ይመዘገባሉ፤ የሚጣለው ፈንክሽን ሲጣል ከዝርዝሩም ይወጣል። በዲሴምበር በወጣው 2.6.28 ኤፍትሬስ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህም አልወጣም።

ይህን ታሪክ የምንወደው መጨረሻው ስላማረ ብቻ አይደለም። ከርነል ውስጥ የሚገባ መርማሪ የከርነሉን ሥልጣን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። "እኔ የማየው ብቻ ነኝ" ማለት አይችልም። ማየት ከመንካት ፈጽሞ ሊለይ አይችልም፤ ተመልካቹም መመርመር አለበት። የዲትሬስ ሰዎች ሁለተኛውን መሐላ ያን ያህል ያጠበቁት ወደው አልነበረም።

የሞተ ቁልፍ መቃብር

መስኮቱ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ መዝጋት እንደማይቻል ሊኑክስ በ2011 ተማረ። በዚያ ዓመት በ2.6.39 ገንቢዎቹ ትልቅ በዓል ነበራቸው፤ "ትልቁ የከርነል ቁልፍ" የሚባለው፣ ለዓመታት መላውን ከርነል በአንድ ቁልፍ ያሰለፈው የድሮ አሠራር፣ በመጨረሻ ተወገደ። የክንውን መዝገቡ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ስለዚያ ቁልፍ አራት ባይት ይይዝ ነበር። ቁልፉ ከሞተ አራቱ ባይቶች ምን ያደርጋሉ? ተነሱ።

ወዲያው ፓወርቶፕ የተባለው፣ ባትሪ የሚበላው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚያሳየው የኢንቴል መሣሪያ ተሰበረ። ፓወርቶፕ መዝገቡን የሚያነበው ቦታ ቆጥሮ ነበር፤ አራት ባይት ሲጎድል ሁሉም ነገር ተዛነፈ። በሊኑክስ ዘንድ ደግሞ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ የተጠቃሚን ፕሮግራም አትስበር። ስለዚህ አራቱ ባይቶች ባዶ ሆነው ተመለሱ። ለሞተ ቁልፍ መቃብር ተሠራለት፤ ፓወርቶፕ ማንበቡን እስኪያስተካክል ድረስም ቆየ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ የከርነል ክፍል ኃላፊዎች በክፍላቸው አዲስ የመከታተያ ነጥብ እንዲተከል ሲጠየቁ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ዛሬ ለማየት ብለህ የከፈትከው ቀዳዳ ነገ መብት ይሆናል።

ጥያቄውን የሚመረምር ዘብ

መውጫው የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። በ1992 ስቲቨን ማክካንና ቫን ጃኮብሰን በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የኔትወርክ መልእክቶችን የሚያጣራ ትንሽ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ ቢፒኤፍ ይባላል። ተጠቃሚው የማጣሪያ ፕሮግራሙን ይሰጣል፣ ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ከሃያ ዓመት በኋላ አሌክሲ ስታሮቮይቶቭ ይህን አሮጌ ሐሳብ አሰፋው። በ2014 መጨረሻ በወጣው 3.18 ከርነል ኢቢፒኤፍ ተባለ፤ በ2015 ከኬፕሮብስ ጋር ተገናኘ።

ልቡ ያለው አንድ ዘብ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣው የጥያቄ ፕሮግራም ከርነሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዘቡ ሊሄድባቸው የሚችሉትን መንገዶች ይመረምራል። ማለቂያ አለው? ያልተፈቀደለትን ሚሞሪ ይነካል? ካላሳመነ አይገባም። የ2008ቱ ትምህርት ሥርዓት ሆኖ ተጻፈ ብንል አልተሳሳትንም። በ2018 ቢፒኤፍትሬስ የተባለ ቋንቋ መጣ፤ በአንድ መስመር ከርነሉን መጠየቅ ተቻለ። ለዲትሬስ ሰዎች የታወቀ መልክ ነበረው። በዚያው ዓመት ሰንን በ2010 የገዛው ኦራክል የዲትሬስን የከርነል ክፍል በሊኑክስ ፈቃድ ለቀቀው። ፈቃዱ ሲገኝ ግን የቤቱ ልጅ አድጎ ነበር።

መስኮቱን ማን ይቅደድ?

ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ ከመሰላችሁ ኪሳችሁን ዳብሱ። አንድሮይድ ስልክ ከያዛችሁ ውስጡ የሊኑክስ ከርነል አለ። በ2012 ጉግል በአንድሮይድ 4.1 የስልኩን ስክሪን እንቅልፋምነት ለመፈወስ ሲነሳ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚቀየረው ምስል የቱ ጋ እንደሚንገዳገድ ለማየት የተጠቀመው ሲስትሬስ የተባለ መሣሪያ ነው። ሥሩ ያ ካርድ ገድሎ ንስሐ የገባው ኤፍትሬስ ነው። ጣታችሁን ስታንሸራትቱ ስክሪኑ ሳይደናቀፍ የሚከተላችሁ አንድ ሰው አንድ ቀን ዱካውን ስላየ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስ። አጥፍቶ ማብራትን አናወግዝም፤ ሰው የሚጠብቀው ሥራ ሲቆም መጀመሪያ ሥራውን ማስነሳት ግዴታ ነው። ፓዝፋይንደርም የተረፈችው በእሱ ነው። ይሁንና ከማርስ እስከ ስልካችን ያለው ታሪክ የሚነግረን አንድ ነገር ነው። ጥያቄው የሚጠየቀው ከብልሽቱ በኋላ ቢሆንም፣ መስኮቱ የሚቀደደው ከብልሽቱ በፊት ነው። የወደቀ ማሽን ላይ መስኮት መክፈት አይቻልም። መዝጋቢው ሳይወጣ ስለቀረ ማርስ ላይ የደረሰው መሬት ላይ ታየ፤ ጆሮ ስላልተሠራለት 64 ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ለቀናት ዲዳ ሆነ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይባላል፤ እኛ የምንጨምረው ጥንቃቄ ማለት አለመታመም ብቻ እንዳልሆነ ነው። የት እንዳመመ መናገር መቻልም ጥንቃቄ ነው።

ከእናንተ መካከል ኮድ የምትጽፉ አላችሁ፤ ከእኛም አለን። የጽሕፈት ቤት ፕሮግራም፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የሞባይል መተግበሪያ እየሠራን ነው። ቀኑ ሲደርስ፣ ሥራውን ለማስረከብ ስንጣደፍ፣ መጀመሪያ የምንቆርጠው ያንን "ለማንም የማይታይ" ክፍል ነው፤ መዝገቡን፣ ዱካውን፣ ስህተቱ ምን እንደሆነ የሚናገረውን መስመር። ደንበኛው አልጠየቀም፣ ስክሪን ላይ አይታይም፣ ማንም አያመሰግንበትም። ከስድስት ወር በኋላ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አንድ ሰው የወደቀ ማሽን ፊት ቁጭ ብሎ "ምን ሆነህ ነው?" ይላል። መልስ ማግኘት አለማግኘቱ ዛሬ በእኛ እጅ ነው።

ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሳችን ነን።